ሠራተኛ ያልሆነችው ሠራተኛ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው «ሠራተኛ አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ስለ ፋብሪካ እየጠየቀ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ስለ ባንክ ገንዘብ ከፋይም፣ ስለ ግንበኛም፣ ስለ አውቶቡስ ሾፌርም አይደለም። የሚጠይቃችሁ ልጅ ስለምትይዘው፣ ወጥ ስለምትሠራው፣ በር ስለምትከፍተው ሴት ነው። «ሠራተኛዬ ጥላኝ ሄደች»፣ «እባክሽ ሠራተኛ ፈልጊልኝ»፣ «ቆይ ሠራተኛዋን ልጥራት»። በዚህ ሁሉ አነጋገር ውስጥ ቃሉ ደጋፊ አይፈልግም። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የአንድ ነገር ሠራተኛ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ ይባላል። እሷ ግን ያለ ምንም ቅጥያ ሠራተኛ ናት። ቋንቋችን ይህን ስም ለብቻው፣ እንዲያው በደፈናው የሰጠው ለእሷ ነው።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ መጥፎ አመል አለበት፤ ቃል ላይ ቆሞ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅንም ያነበብኩት በዚሁ አመሌ ነው። ሕግ አሰልቺ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ እንደ ተውኔት ካነበባችሁት ደህና ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መግቢያው ላይ ባለ ታሪኮቹን ያስተዋውቃል፤ አሠሪ ማን ነው፣ ሠራተኛ ማን ነው ይላል። ከዚያ አንቀጽ 3 ላይ ወደ መድረክ የማይወጡትን ይቆጥራል። ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አይመለከተኝም ከሚላቸው ውስጥ ናቸው። ለእነዚህ አትዘኑላቸው፤ የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው መድረክ አላቸው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን «የግል አገልግሎት» የሚባል ነገር ተቀምጧል። የእኛዋ ሠራተኛ ይህቺ ናት። በአማርኛ ከሁሉም ይልቅ ሠራተኛ የምትባለው ሴት በሠራተኛ ሕግ ፊት ሠራተኛ አይደለችም!

ሕጉ ጨርሶ ረስቷታል ማለቴ አይደለም። እዚያው አንቀጽ ወረድ ብሎ፣ የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንደሚወሰን ይናገራል። መልካም። ችግሩ ይህ ቃል አዲስ አለመሆኑ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያንኑ ተናግሮ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደንቡ ሲጠበቅ ሲጠበቅ አዋጁ ራሱ አርጅቶ ተሻረ። አዲሱም ተስፋውን ከሟቹ ወረሰ። ልብ ወለድ ውስጥ በመጀመሪያው ምዕራፍ «ትመጣለች» የተባለች ሰው እስከ መጨረሻው ሳትመጣ ብትቀር ደራሲውን ምን ረሳህ እንለዋለን። ሕግ አውጪን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ይሄ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አደጋ እስኪደርስ ነው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በሥራ ላይ ወድቆ ለዘለቄታው ከሥራ ውጪ ቢሆን፣ አዋጁ ለካሳ ያስቀመጠው መለኪያ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው ቢሆን 300,000 ብር ማለት ነው። ሕክምናውም የአሠሪው ዕዳ ነው። ከፋብሪካው አጥር ማዶ ባለው ቤት ደግሞ አንዲት ሞግዚት ሕፃን አቅፋ እርጥብ ደረጃ ስትወርድ አዳልጧት ወደቀች እንበል። ልጁን ላለመጣል ስትል በጀርባዋ አረፈች። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን! የእሷ ወገብ ግን ከእንግዲህ ባልዲ አያነሳም። ያ የአምስት ዓመት መለኪያ እሷን አያውቃትም። የቀረላት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛን ጤናና ምግባር ለመጠበቅ አሠሪው ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። «ተገቢውን» የምትለው ቃል ላይ ተከራክራ ለመርታት ጠበቃ፣ ጊዜና ወገብ ያስፈልጋታል። ሦስቱም የሏትም።

ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጨዋ ሰዎች የሚመልሱልኝ መልስ አንድ ነው። «እኛ ቤት እኮ እንደ ቤተሰብ ናት!» ይሉኛል። የምንበላውን ትበላለች፣ ለበዓል ልብስ እንገዛላታለን፣ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ እሷን ይወዳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙዎቹ ሲዋሹ አላየሁም። እኔን የሚያሳስበኝ «እንደ» የምትለዋ ፊደል ናት። ሰዋስው ስናስተምር «እንደ» ማመሳከሪያ ናት እንላለን። «እንደ አንበሳ ነው» የተባለ ሰው አንበሳ አይደለም። እንደ ቤተሰብ የሆነችም ሴት ቤተሰብ አይደለችም፤ ብትሆን ኖሮ «እንደ» ባላስፈለገ።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ የዕድር መዝገብ ይመልከት። ለጥቂት ዓመታት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። አዲስ አባል ሲመጣ ቤተሰብ ብሎ የሚያስመዘግበውን ሰው ስም በእጄ ጽፌያለሁ። ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ የሚስት እናት፣ ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ ሳይቀር አስመዝግበውኛል። «እንደ ቤተሰብ ናት» የተባለችውን ሠራተኛ ያስመዘገበኝ አንድም አባወራ አላጋጠመኝም። ዕድር ደግሞ የሀበሻ መድን ነው። ሰው ሳይሞት በፊት እየከፈልን የምንጠብቅበት፣ በሞተ ቀን ማንም ማንንም የማይለምንበት ሥርዓት ነው። ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ እውነቱ የሚወጣው በምሳ ሰዓት አይደለም፤ ስም በሚጻፍበት ሰዓት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የነገረችኝ የድሮ ተማሪዬ ናት። የምትኖረው አሜሪካን አገር፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዛ ሄዳ ልጅ ትይዛለች። በዋሽንግተን ዙሪያ ይህን ሥራ የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ብዙ ናቸው፤ የእኛን ልጆች አያቶች አሳድገውልን፣ የእኛ ልጆች የሌላውን ያሳድጋሉ። ስልክ ደወለችና «መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ የሰጡኝን ውል ልላክልዎና እንደ ድሮው ያንብቡልኝ» አለችኝ። ሁለት ገጽ ነው። እንደ ድሮው አነበብኩት። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ተጽፏል። የሕፃኑ እንቅልፍ ሰዓት፣ የማይበላው ምግብ፣ የውሻው አመጋገብ ሳይቀር አለ። «እሷ ብትጎዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን አንድም የለም። «ሁለተኛዋ ባለ ታሪክ አካል የላትም» ብዬ ጻፍኩላት፤ ተማሪ ሳለች ድርሰቷ ላይ የምጽፈው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ግን ፍቅራችንን እንዳላበላሽ ፈራሁ» አለችኝ። ይህ ፍርሃት ነው የዚህ ጽሑፍ ምክንያት። የምትጠይቀው እኮ ስጦታ አይደለም። እዚያ አገር «የሠራተኞች ካሳ» የሚባል የመድን ዓይነት አለ። አረቦኑን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ በሥራዋ ምክንያት ከተጎዳች የማን ጥፋት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ደረጃው እርጥብ ነበር ወይስ እሷ ቸኩላ ነበር፣ ለካሳው ለውጥ የለውም። ሕክምናዋ ይከፈላል፤ ሥራ ባቆመችበት ጊዜ፣ ጣሪያ ቢኖረውም፣ ከሳምንታዊ ደመወዟ ሁለት ሦስተኛው ይሰጣታል። እሷም በበኩሏ አሠሪዋን በዚያ ጉዳት ፍርድ ቤት አትገትርም። ስምምነቱ ይሄው ነው፤ እሷ ክስ ትተዋለች፣ እነሱ ክርክር ይተዋሉ። ፍቅርን ከማበላሸት ይልቅ ፍቅርን ከፍርድ ቤት የሚያድን ውል ነው።

ሕጉ ግን እንደ ወንዙ ዳርቻ ይለያያል። በሜሪላንድ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከአንድ ቤት በሦስት ወር ውስጥ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካገኘች (በሳምንት 77 ዶላር ገደማ ማለት ነው) መድኑ ግዴታ ነው። ከተማው ውስጥ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ መለኪያው ሰዓት ነው፤ በሦስት ወር 240 ሰዓት፣ በሳምንት ወደ አሥራ ስምንት ተኩል ሰዓት ይሆናል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ግን ሕጉ በመሠረቱ የሚያስገድደው ሦስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው። አንዲት ሞግዚት ብቻ ያለው ቤት በፈቃዱ ካልገባ የሚያስገድደው የለም። ያው ሕፃን፣ ያው ደረጃ፣ ያው ወገብ፤ ድልድዩን ስትሻገር ግን ሌላ ሴት ትሆናለች።

ተማሪዬ ጠየቀች። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አሉባት። «የቤታችን ኢንሹራንስ አይበቃም እንዴ?» አሏት። ይህን የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የቤት ኢንሹራንስ ግን ለእንግዳና ለጎረቤት የታሰበ ነው፤ ተቀጣሪን እንደሚሸፍን የሚታወቀው ውሉን አንብቦ፣ ደውሎ ጠይቆ ነው። ደወሉ፤ አይሸፍንም ተባሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለብቻው የተገዛ የመድን ወረቀት መጣ። እሷም በእጅ ይከፈላት የነበረው ደመወዝ በደረሰኝ እንዲሆን ተስማማች። ይሄ ለእሷ ቀላል አልነበረም፤ ግብር መጣባት። ግን ደመወዟ የትም ያልተጻፈ ሴት ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛውን በምን ታስቆጥራለች? የእጅ ክፍያ ለሁለቱም ወገን የሚጥመው ማንም እስካልወደቀ ድረስ ነው።

«አሜሪካ ስለሆነ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አሜሪካም ቢሆን እዚህ የደረሰው በደግነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ታላቁ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የእርሻና የቤት ውስጥ ሠራተኞችን ውጪ ትቶ ነበር። በደቡቡ ክፍል እነዚህን ሁለት ሥራዎች በብዛት የሚሠሩት ጥቁሮች ነበሩ። የቤት ሠራተኞች በዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ የተሸፈኑትም እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከአዳራሹ ውጪ የቆመችው ሴት በየትም አገር አንድ ናት ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከአፍሪካችን የመጣ ጽሑፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ፣ በአንድ ቤት 22 ዓመት ያገለገለች ሴት እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2012 ሥራ ላይ እያለች የአሠሪዋ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። ዓይኗ በከፊል አያይም፤ ዋናም አትችልም ነበር። ልጇ ካሳ ልትጠይቅ ብትሄድ አይገባሽም ተባለች። ምክንያቱ የካሳው ሕግ «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም በግል ቤት የተቀጠረችውን ለይቶ ስላስወጣት ነው። አያችሁ? እዚያም ነገሩ የቃል ትርጉም ነው። ልጅቷ ግን ትርጉሙን ተከራከረች። በማህላንጉ ጉዳይ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2020 ያ ትርጉም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ውሳኔው ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1994 እንዲሠራም አዘዘ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቃል ትርጉም ሳስተምር፣ አንዲት ቃል ስትተረጎም ሙታን ሳይቀሩ ዋጋ ሲያገኙ ያየሁት እዚያ ነው።

ካሳና ምጽዋት የሚለያዩበትን ቦታ ግን ከዳኞቹ ቀድሞ ያሳየን አንድ ደራሲ ነው። ሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው አንድ ሰዓት ያህል የሚሆን ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ። ዲዋና የምትባል ወጣት ዳካር ውስጥ የፈረንሳዮችን ልጆች ትይዛለች። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አንቲብ ይወስዷታል። ልጅ ልትይዝ የሄደችው ምግብ አብሳይ፣ አጣቢ፣ ሁሉንም ሆና ትገኛለች። መጨረሻዋ ሞት ነው። አሠሪዋ ሻንጣዋንና የሥራዋን ገንዘብ ይዞ ዳካር ድረስ ይመጣና ለእናቷ ይዘረጋል። እናት አትቀበልም። ትዞርና ትሄዳለች።

ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ «ድሃ ሆና ሳለ ለምን አልተቀበለችም?» ብለው ይከራከሩኝ ነበር። ኩራት ነው የሚሉ ነበሩ፤ ኀዘን ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ ሌላ ንባብ አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ገንዘቡም የልጅቷ ነው። ግን በሕይወት ሳለች በእጇ ያልገባ፣ በወረቀት ያልተጻፈ ነገር፣ ከሞተች በኋላ ሲዘረጋ መልኩ ይለወጣል። የሚሰጠው ሰው መጠኑን ይወስናል፣ ሰዓቱን ይወስናል፣ ምስጋናም ይጠብቃል። የእኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ከአደጋ በፊት የተጻፈ ካሳ መብት ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚፈለግ ካሳ ግን፣ የሰጪው ልብ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ወደ ምጽዋት ያደላል። መድን የሚባለው ነገር ጥበቡ ሌላ አይደለም፤ ገንዘቡን ከሰጪው ስሜት ቀድሞ መለየት ነው።

ይህን ጥበብ እኛ አናውቀውም ማለት አይቻልም። ዕድሩን አንስቻለሁ። ሌላም ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጪ አገር የምትሄድ ኢትዮጵያዊት የመድን ወጪዋን አሠሪዋ እንዲሸፍን መንግሥታችን ደንግጓል። ደግ አድርጓል። ያቺው ልጅ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሳትሄድ ቦሌ ብትቀጠር ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ የላትም። ሌላም አለ። በየግቢያችን የቆመችው መኪና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሳትይዝ ከበር መውጣት አትችልም። መኪናዋ የምትገጨውን የማናውቀውን ሰው በመድን ጠብቀናል። መኪናዋን የምታጥበውን የምናውቃትን ሴት ግን ለእግዜር ሰጥተናታል።

የኑሮው ውድነት ይታየኛል። ሠራተኛ የሚቀጥረው ሁሉ ባለ ፎቅ አይደለም። ባልም ሚስትም ደመወዝተኛ ሆነው፣ ልጃቸውን የሚይዝላቸው አጥተው፣ ከደመወዛቸው ቆንጥረው የሚቀጥሩ ብዙ ናቸው። ወርኃዊ ክፍያው እንኳ የሚያንገዳግደው ቤት አለ። እንዲህ ያለው ቤት የሰው ወገብ ቢሰበር 300,000 ብር ከየት ያመጣል? እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መክፈል የማይችል ሰው ነው መድን የሚያስፈልገው። ባለጸጋ ከኪሱ ይከፍላል፤ ደመወዝተኛ ግን በየወሩ ጥቂት ካላስቀመጠ በክፉ ቀን ያለው «እንደ ቤተሰብ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ቃል ደግሞ ሆስፒታል አይቀበለውም።

ደንቡ እስኪወጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አያስፈልግም። ውል መጻፍን የከለከለ ሕግ የለም። ስሟን ከነአባቷ፣ ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ በሥራዋ ብትጎዳ ምን እንደሚከፈላት በአንድ ገጽ ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረም ይቻላል። የአገራችን የመድን ድርጅቶች የግል አደጋና የሠራተኞች ካሳ መድን ይሸጣሉ፤ ሄዶ «ለቤት ሠራተኛዬ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ደንግጠው ቢያዩን እንኳ ሃምሳ ሰው ተራ በተራ ከጠየቃቸው ሃምሳ አንደኛውን በወንበር ይቀበሉታል። ዕድሮችም የመዝገባቸውን ዓምድ አንድ መስመር ቢያሰፉ የሚጎዱት ነገር አይታየኝም።

አንድ ቃል ብቻ ጨምሬ ላብቃ። ልጅ ያዥዋን በጨዋ አማርኛ ስንጠራት «ሞግዚት» እንላታለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ቃል ይጠቀምበታል፤ እዚያ ሞግዚት ማለት ራሱን ችሎ የማይቆመውን ሕፃን የንብረት ጥቅም የሚጠብቅለት ሰው ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ለዚህች ሴት ሁለት ትልልቅ ስሞች ሰጥቷታል፤ ሠራተኛም ሞግዚትም። አንዱን ስም የሠራተኛ ሕጉ ወስዶባታል፤ በሌላው ስም ልጃችንን ትጠብቅልናለች። የእሷን ጥቅም የሚጠብቅላት ሞግዚት ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተጻፈም። ሚኒስትሮቹ እስኪጽፉት ድረስ፣ በየቤታችን ደብተርና እስክሪብቶ አለ።